መዝገበ ዕውቀቱን ማን ይጽፈዋል? ማንስ ይጠብቀዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ ነዋሪው ኮሚናል በሚለው የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ስብሰባ ማስታወቅ ነው። ስብሰባው በኢንተርኔት ላይ የሚገኘውን የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት፣ ማለትም የአማርኛ ውክፔዲያን፣ በፈቃደኝነት ለመጻፍና ለማረም የምንፈልግ እጩ መምህራን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የምንገናኝበት ነው። ሁለተኛው ዓላማ ደግሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እኛን እንደሚመለከት ማስረዳት ነው። ማስታወቂያ ብቻ ተለጥፎ ቢታለፍ «የምን ስብሰባ ነው? አበል አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ስለማይቀር ከሥሩ መጀመር ይሻላል። አበል የለውም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ማንበብ አይከፋም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያልተደረገበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ይህ ማሳሰቢያ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ውክፔዲያ ምንድን ነው?

መዝገበ ቃላትን ሁላችንም እናውቃለን። «ወንዝ» የሚለውን ቃል ብንፈልግ ትርጉሙን በአንድ መስመር ይነግረናል። መዝገበ ዕውቀት ግን ከዚህ ያልፋል፤ አዋሽ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቀር፣ ምን ግድብ እንደ ተሠራበት፣ በዳርቻው ማን እንደሚኖር ይዘረዝራል። ኢንሳይክሎፔዲያ የሚባለው ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማዘጋጀት ለብዙ ዘመን የሊቃውንትና የትልልቅ አሳታሚዎች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ብሪታኒካ የተባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1768 በኤዲንብራ ከተማ ሲሆን፣ በወረቀት መታተሙ ማብቃቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ኑፔዲያ የሚል ስም የሰጡትን መዝገበ ዕውቀት በኢንተርኔት ላይ ጀመሩ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት የምርመራ ደረጃ ማለፍ ነበረበት። ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት የተጠናቀቁት ጽሑፎች ሃያ ገደማ ብቻ ሆኑ። ሥራው ስለ ተንቀራፈፈባቸው ሌላ መንገድ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ማንም አንባቢ ገጹን ከፍቶ እዚያው ላይ ሊያርመው የሚችልበት ዘዴ ነበረ፤ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዋርድ ካኒንግሃም ሲሆን «ዊኪ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ የሃዋይ ቋንቋ ነው፤ «ፈጣን» ማለት ነው። ሰውዬው ቃሉን ያገኘው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ከሚያመላልሱት አውቶቡሶች ስም ነው። ይህን ዘዴ ይዞ ውክፔዲያ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ተጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብዛት 20,000 ገደማ ደረሰ። ዛሬ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይጻፋል፤ እንግሊዝኛው ብቻ 7 ሚሊዮን ጽሑፍ አልፏል። የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። የንግድ ማስታወቂያ የለበትም፤ የሚጽፉትም ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው።

«ማንም የሚጽፈው ነገር እንዴት ይታመናል?»

ይህን ጥያቄ መምህራኖቻችን ደጋግመው ያነሡታል፤ ማንሣታቸውም ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

መዝገበ ዕውቀቱ ሦስት ዋና ዋና ደንቦች አሉት። አንደኛ፣ ጸሐፊው ወገን አይዝም፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየት ካለ ሁለቱንም በየሚዛናቸው ያቀርባል። ሁለተኛ፣ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ከታተመ ምንጭ መገኘት አለበት፤ አንባቢው ራሱ ሄዶ እንዲያረጋግጥ የመጽሐፉ ስም፣ ደራሲው፣ የታተመበት ዓመትና ገጹ ይጠቀሳል። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው በራሱ ጭንቅላት ያፈለቀውን አዲስ ግኝት አያስገባም። ለዚያ ሌላ ቦታ አለው።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ተከታዮች አሉት። አንዱ የታሪክ ገጽ ነው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር የቀድሞውን መልስ ማምጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው የውይይት ገጽ ነው፤ ያልተስማሙ ሰዎች እዚያ ይከራከራሉ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ውክፔዲያን አንብቦ «ተጽፏል» ብሎ መምጣቱ ይበቃል አንልም። የታሪኩን ገጽ ማየት፣ ከግርጌ የተጠቀሰውን ምንጭ ማየት፣ ከዚያ መፍረድ አለበት። ይህን ያህል የሚመረምር ተማሪ ማውጣት ደግሞ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርእሶችን ከውክፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። በአንድ ርእስ በአማካይ በውክፔዲያ 4፣ በብሪታኒካ 3 ስሕተት ተገኘ። የብሪታኒካ አዘጋጆች ምርመራውን አጥብቀው ተቃውመዋል። በዚያው ዓመት ግን የውክፔዲያን ድክመት የሚያሳይ ሌላ ነገር ወጣ። ጆን ሴይገንታለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደ ነበር የሚገልጽ ፍጹም ሐሰት በስሙ ገጽ ላይ ተጽፎ አራት ወር ያህል ሳይታረም ቆየ። ይህ የሆነው ብዙ ሺህ ጸሐፊ ባለው በእንግሊዝኛው ላይ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ የሚያስተምሩን ይህ ነው፦ ገጹ የሚታመነው የሚጠብቀው ዓይን እስካለ ድረስ ነው፤ ዓይን ሲጠፋ ሐሰትም ይቀመጥበታል።

የእኛስ?

የአማርኛ ውክፔዲያ ሃያ ዓመት ያለፈው ሲሆን ያሉት ጽሑፎች 15,000 ገደማ ናቸው። ስዋሂሊ ከ80,000፣ ሐውሳ ከ50,000 በላይ አላቸው። አማርኛ የቆየ የጽሑፍ ባህል ያለው ቋንቋ ሆኖ ሳለ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ፊደሉ ነበር ማለት ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ግን ስልክ ሁሉ በአማርኛ ይጽፋል። በየቀኑ በስልካችን የምንጻጻፈው ቢደመር ስንት መጽሐፍ በወጣው! ስለዚህ በፊደል ማሳበብ ቀርቷል።

ቁጥሩም ቢሆን ዋናው ነገር አይደለም። ከ15,000ዎቹ ውስጥ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ የሆኑ፣ ምንጭ ያልተጠቀሰባቸው፣ ከተጀመሩ በኋላ ማንም ያልተመለሰባቸው አሉ። እስቲ አስቡት፤ በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እስከ 6ኛ ክፍል ሳይንሱንም ሒሳቡንም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራሉ። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ስለ ሳንባ ወይም ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ ነገር ማንበብ ቢፈልግ በአማርኛ ምን ያገኛል? ብዙ ጊዜ ወይ ምንም፣ ወይም በቅጡ ያልተብራራ አንድ አንቀጽ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ይከፍታል፤ አይገባውም፤ ይተወዋል። ነገ ከፊቱ የምንቆመው እኛ ነን። «መጽሐፉ ላይ የለም» ብለን የምናልፈው ጥያቄ ሁሉ አንድ ልጅ ጥያቄ መጠየቅ እንዲተው የሚያስተምር መሆኑን መርሳት የለብንም።

ከእኛ በፊት የደከሙት

ለጋራ ጥቅም ሳይከፈል መጻፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከግዕዝ ወደ አማርኛ የተተረጎመውን ታላቁን መዝገበ ቃላት እንውሰድ። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሳይፈጽሙት ሲሞቱ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት። እርሳቸውም አስፍተው ደክመውበት ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ፤ አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። አለቃ ደስታ በዚህም አላበቁም፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ከሳቴ ብርሃን ተሰማም የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በ1951 ዓ.ም. አሳትመዋል።

ብዙ ሰው ተሰማርቶ የሠራውን ከፈለግን ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አለ። በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ንባብና ጽሕፈት ተሰጥቶበታል፤ መምህራንና ተማሪዎች ገጠር ድረስ ወርደውበታል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ቀጥሎ የሚያነበው ይፈልጋል። የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ስለ አገራችን የተጻፈ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት የለም ወይ? አለ። ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ የተባለው፣ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ ወጥቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም ጽፈውበታል፤ እጅግ የሚከበር ሥራ ነው። ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የምናስተምረው ልጅ ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን ለማንበብ መጀመሪያ የሰው ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት ማለት ነው።

ጠባቂ ያጣ መዝገብ ምን ይሆናል?

«ታዲያ ብዙ ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ ብናስገባ አይሻልም? የኮምፒውተር ተርጓሚ አለ አይደል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እዚህ ላይ ሁለት የሰው አገር ታሪኮችን እናንሣ።

ስኮትስ በስኮትላንድ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ የራሱ ውክፔዲያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጉድ ተሰማ። ከ20,000 በላይ የሚሆኑትን ገጾች የጻፈው ቋንቋውን የማይናገር አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ሥራውን የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው፤ ክፋት አልነበረውም፤ ሊረዳ ብሎ ነው። እንግሊዝኛውን እየወሰደ ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት እየቀያየረ ይጽፍ ነበር። ለዓመታት ያስቆመው ሰው አልነበረም። ለምን? ቋንቋውን የሚያውቁት ገጹ ላይ ስላልነበሩ ነው።

ሁለተኛው የግሪንላንድ ነው። የግሪንላንድ ቋንቋ ውክፔዲያ እንዲዘጋ እ.ኤ.አ. በ2025 ተወሰነ። ቋንቋውን የሚናገሩ ጸሐፊዎች ስላልነበሩት፣ በኮምፒውተር የተተረጎመ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሞልቶበት ነበር። እንዲዘጋ የጠየቀውም ገጹን ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረው ሰው ራሱ ነው።

ነገሩ ዛሬ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት መሣሪያዎች ቋንቋ የሚማሩት በኢንተርኔት ላይ ከሚገኝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ለሌላቸው ቋንቋዎች ደግሞ ውክፔዲያ ከሚያገኟቸው ጥቂት ምንጮች አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መሣሪያው የተበላሸ አማርኛ ይጽፋል፤ አንድ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ሳያነብ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል፤ መሣሪያው ከዚያው ገጽ ይማራል፤ መልሶ የባሰውን ይጽፋል። የተበከለ ጉድጓድ ውኃ ተቀድቶ መልሶ እዚያው እንደ መድፋት ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገልጸው ከረንት የሚለው ቃል «የአሁኑ» የሚል ሌላ ፍችም አለው። ተርጓሚው መሣሪያ ሁለቱን ካምታታ በፊዚክስ ጽሑፍ ውስጥ «የአሁኑ በሽቦው ውስጥ ያልፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። እኛ አንብበን እንስቃለን። የ6ኛ ክፍል ልጅ ግን አይስቅም፤ ይሸመድደዋል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለማለት የፈለገው አንድ ነገር ነው። የትንሽ መዝገበ ዕውቀት ሕይወቱ በገጹ ብዛት ሳይሆን ቋንቋውን አውቀው በሚጠብቁት ሰዎች ብዛት ይለካል። አንድ ሺህ ገጽ አስገብቶ ከሚጠፋ አንድ ሰው፣ አሥር ገጽ ተካፍለው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁ አሥር ሰዎች ይበልጣሉ።

ለምን በአካል እንገናኛለን?

ሥራው በየቤታችን በስልክ የሚሠራ ከሆነ ስብሰባ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ውክፔዲያ ከተጀመረ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። ጸሐፊዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል የተገናኙት በጥቅምት ወር 1996 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ነበር። የዓለም አቀፉ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 በፍራንክፈርት ተጀመረ፤ ወደ አፍሪካም መጥቶ በአሌክሳንድርያ በ2008፣ በኬፕታውን በ2018፣ በናይሮቢ በ2025 እ.ኤ.አ. ተደርጓል። ከሺህ ሰው ጉባኤ ጋር ራሳችንን አናወዳድርም። ነገር ግን ምክንያቱ አንድ ነው። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይሰለቻል፤ ጽሑፉ ሲታረምበት የተሰደበ ይመስለዋል፤ ይተወዋል። ያራሚውን ፊት ያየ፣ አብሮት ሻይ የጠጣ ሰው ግን እርማቱን እንደ እርማት ይቀበላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚውን ለመከፋፈል መጀመሪያ መገናኘት ያስፈልጋል።

ከገላን እንጀምር

ቦታው ገላን የሆነው ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚያ አካባቢ ስለሚኖሩ ነው። ቢሆንም ለመማሪያ የሚሆን ጥሩ ምሳሌም ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ሰው «ገላን» ብሎ ቢፈልግ የትኛውን ነው የሚፈልገው? ገላን በመጀመሪያ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ሁለተኛ፣ በኦሮሚያ ክልል ያለችው፣ ኋላም ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለለችው የገላን ከተማ አለች። ሦስተኛ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለው የእኛ ኮንዶሚኒየም አለ። አራተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች የገቡበት ገላን ጉራ አለ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ቢደባልቁት አንባቢ ይሳሳታል። ስለዚህ በውክፔዲያ አሠራር አራቱን ለየብቻ አስቀምጦ በመግቢያው «ገላን ሲባል እነዚህን ሊያመለክት ይችላል» የሚል መለያ ገጽ ይሠራል። አፋን ኦሮሞ የምታውቁ ጓደኞች ደግሞ የአፋን ኦሮሞ ውክፔዲያም ስላለ ያንኑ እዚያ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ስለ ስሙ ከማንም ይበልጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሌላው ምሳሌ አባ ሳሙኤል ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት እዚያ ሐይቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በስፍራው ያለው የውኃ ኃይል ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ልጆቹን «ስንት አባ ሳሙኤል ቢደመር አንድ ሕዳሴ ይሆናል?» ብለን ብንጠይቃቸው 780 ገደማ የሚል መልስ ያወጣሉ። ሒሳብም፣ ጂኦግራፊም፣ ታሪክም በአንድ ጊዜ ተማሩ ማለት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚሄደውን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረውን የፍጥነት መንገድና እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር አቃቂ ላይ የተወውን ታሪክ ብንጨምርበት ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሥራ በደጃችን አለ።

መጠንቀቅ ያለብን

አንደኛ፣ የዘመን አቆጣጠር። በእኛና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። «በ1998» ተብሎ ዝም ከተባለ የትኛው 1998? ስለዚህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት ፈጽሞ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የፊደል ነገር። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ እየተባለ ይጻፋል። ሰው ሁሉን ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን እንደ አራት ቃል ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለዚህ አንዱን ዋና ርእስ አድርጎ ሌሎቹ ወደዚያ እንዲመሩ ማድረግ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ስለ አንድ ፀሐይ አራት ገጽ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ መገልበጥ ክልክል ነው። የመማሪያ መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ ባለቤት አለው። አንብቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በራስ ቃል ጽፎ ምንጩን መጥቀስ ነው ደንቡ። ፎቶግራፍም ራሳችን ያነሣነውን እንጂ ከኢንተርኔት የለቀምነውን አናስገባም።

አራተኛ፣ ስለ ራስ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ፍቅረኛ አይጻፍም። መዝገበ ዕውቀት የሠርግ ጥሪ አይደለም። የሰው የግል ምስጢርም አይወጣበትም። ስማችንን መግለጽ የማንፈልግም በብዕር ስም መመዝገብ እንችላለን።

በስብሰባው ምን ይሠራል?

አዲስ ገጽ አንጀምርም። ለመጀመሪያው ቀን ያሉትን አሥር አጫጭር የሳይንስና የጂኦግራፊ ገጾች መርጠን እናርማለን። ለእያንዳንዱ ገጽ ሦስት ሰው ይመደባል። አንዱ ጽሑፉን ያሰፋል፤ ሁለተኛው ምንጩን እየገለጠ እያንዳንዱን ቁጥርና ዓመት ይመረምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ እንደ 5ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ያነብና ያልገባውን ቃል ያሰምርበታል። ሦስተኛው ሰው ካልገባው ጽሑፉ አላለቀም። ለሳይንስ ቃላት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ባዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እንጠቀማለን፤ እዚያ ያላገኘነውን ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ገጽ ወስዶ በሳምንት አንድ ጊዜ የታሪኩን ገጽ እየከፈተ ምን እንደ ተለወጠ ያያል። ጠባቂነት ማለት ይህ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ይዛችሁ የምትመጡት ስልክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ደራሲውና የታተመበት ዓመት የሚታወቅ አንድ መጽሐፍ ነው። ኔትወርክ እንቢ ካለ በወረቀት ጽፈን ኋላ እናስገባዋለን። ስልክ የሌለው ሰውም ይምጣ፤ ምንጭ መመርመርና ማንበብ ስልክ አይጠይቅም። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም የአማርኛውን ውክፔዲያ እንዳለ ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ስለሚቻልም፣ እንዴት እንደሚደረግ አብረን እናያለን። ኔትወርክ በማይደርስበት ትምህርት ቤት የምትመደቡ ጓደኞች ይህን ሳታዩ እንዳትቀሩ። እናንተ ያረማችሁት ገጽ ያንን ክፍል ሊደርስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

መምህራኖቻችንን በተለየ እንጠይቃለን። አንድ ሰዓት እንኳ ተገኝታችሁ ስሕተታችንን ብታሳዩን፣ በተለይም የሳይንስ ቃላት አጠቃቀማችንን ብታቃኑልን፣ ውለታው ለእኛ ብቻ ሳይሆን ገና ለማናውቃቸው ተማሪዎች ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም። መንገዱን የሚያሳይ ሰው ዋናው በር ላይ ይቆማል። ለመምጣት የወሰናችሁ ከዚህ ወረቀት ግርጌ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ስማችሁንና መጻፍ የምትፈልጉትን አንድ ርእስ አስፍሩ። ርእስ ያጣ ሰው በልምምድ ትምህርቱ ወቅት ተማሪ ጠይቆት መልስ ያላገኘለትን አንድ ጥያቄ ይጻፍ። ከዚያው እንጀምራለን።